ደማሪስ የቆመችበት ድንጋይ

ባለፈው ቅዳሜ ጀሞ፣ የታክሲ ሰልፍ ላይ ቆሜ፣ ከኋላዬ አንዲት ሴትዮ «ደማሪስ፣ እስቲ ይቺን ቦርሳ ያዢልኝ» ስትል ሰማሁ። ልጆቼ ኮንትራት ታክሲ ያዢ እያሉ ይጨቀጭቁኛል፤ እኔ ግን ሰልፍ ለምጄ ያረጀሁ ሰው ነኝና ከሰው ኋላ መቆም ደስ ይለኛል። ያን ስም ስሰማ የምሄድበትን ለቅሶ ረሳሁት። በዚህ ሁሉ ከተማ ልጇን ደማሪስ ብላ የሰየመች አንዲት ሴት ብቻ ናት የማውቀው። ገና ዞር ብዬ ሳላያት ውስጤ እርር አለ። መንግሥት ተለውጦ፣ ሰፈር ፈርሶ፣ ባል ተቀብሮ፣ ቅናቴ ብቻ እንደ ትናንት ትኩስ ሆኖ ጠበቀኝ።

ቀናተኛ ነኝ። ለንስሐ አባቴ ብዙ ጊዜ ነግሬያቸው እሳቸውም መስማቱ ሰልችቷቸዋል። ሰው በባል ይቀናል፣ በቤት ይቀናል፣ በጎረቤት ሶፋ ይቀናል። የእኔ ግን በአንድ ድንጋይ ነው የጀመረው፤ አቴና ከተማ መሐል ያለ፣ በዓይኔ አይቼው የማላውቅ፣ ሐዋርያው ጳውሎስ ቆሞ ያስተማረበት ድንጋይ። በባልም ቀንቻለሁ፤ እሱም ቢሆን በዚሁ ድንጋይ ጦስ ነው።

ያን ጊዜ የምንኖረው ነፋስ ስልክ፣ ክር ፋብሪካው ጀርባ ካሉት የቀበሌ ቤቶች በአንዱ ነበር። ዛሬ አራተኛ ፎቅ ላይ የምተኛበት ጀሞ ያኔ ጤፍና ሽምብራ ነው፤ ገበሬዎቹ በማለዳ ወተት በአህያ ጭነው ፋብሪካው በር ድረስ ይመጡና በጣሳ እየለኩ በስሙኒ ይሸጡልን ነበር። የአንዳንዶቹ ልጆች ዛሬ ከፎቃችን ሥር ሱቅ ከፍተው «እማማ፣ ምን ልስጥዎት?» ይሉኛል። ዳቦ አሥር ሳንቲም ነበር፣ የአውቶቡስ ትኬት አሥራ አምስት። ወንዱ ካኪ ይለብሳል፣ ሴቷ ቴትሮን ቀሚስ፤ እግራችን ላይ ደግሞ ኮንጎ ጫማ። ኮንጎ ጫማ በበጋ ያቃጥላል፣ በክረምት ያንሸራትታል፤ ቢሆንም የእኔን አረንጓዴውን በየማታው አጥቤ አልጋ ሥር አስቀምጠው ነበር። እሑድ ጠዋት ልክ ቅዳሴ ሲገባ የቀበሌው ድምፅ ማጉያ ዘፈን ይለቅና ለስብሰባ ይጠራናል። የዚያን ዘፈን ዜማ እስከ ዛሬ ዕቃ ሳጥብ ሳይታወቀኝ አንጎራጉረዋለሁ። ግጥሙ ጠፍቶኛል፤ በመጥፋቱም አልከፋኝም።

እኛ የፋብሪካው የክር ማጠንጠኛ ክፍል ሴቶች በወር አንድ ቀን፣ በማርያም ቀን፣ ተራ በተራ በየቤታችን ጽዋ እንጠጣ ነበር። ቀበሌ ሲጠይቀን ዕቁብ ነው እንላለን። አንዷ ጠላ ትጠምቃለች፣ አንዷ ዳቦ ትደፋለች። እኔ ሙያ የለኝም፤ ወጤ ይቀጥናል። ማንበብ ግን እችላለሁ። አባቴ ቄስ ስለነበሩ በልጅነቴ ዳዊት አስደግመውኛል፤ ሲያርፉም መጽሐፍ ቅዱሳቸው ለእኔ ደረሰኝ። ስለዚህ ማኅበርተኞቹ ድስቱን ለሙያተኞቹ ይተዉና እኔን «አንቺ ወሬሽን አምጪ» ይሉኛል። መጽሐፉ መጨረሻ ላይ የጳውሎስን ጉዞ የሚያሳይ ካርታ ነበረ፤ አንዱ ጉዞ በቀይ መስመር፣ አንዱ በሰማያዊ። በዚያ መስመር በጣቴ ስሄድበት ኖሬ ወረቀቱ ሳስቷል። ከጢሮአዳ በመርከብ፣ ከዚያ ናጱሌ፣ ፊልጵስዩስ፣ ተሰሎንቄ፣ ቤርያ። ከቃሊቲ ወዲያ ወጥቼ አላውቅም፤ መቄዶንያን ግን ቢጠሩኝ በጨለማም እሄድበታለሁ። ፊልጵስዩስ ላይ ልድያ አለች፣ ሐምራዊ ጨርቅ የምትሸጠው። ቆሮንቶስ ላይ አቂላና ጵርስቅላ ድንኳን ይሰፋሉ፣ ጳውሎስም አብሯቸው ተቀምጦ ይሰፋል። እነዚያ የመጀመሪያዎቹ ክርስቲያኖች ሥዕል ላይ እንደምናያቸው ወርቅ ዙሪያቸውን የከበባቸው አልነበሩም፤ ጣታቸው በመርፌ የተበሳ፣ ወገባቸውን የሚያማቸው፣ ከሥራ ደክሟቸው ወጥተው ቃሉን የሚሰሙ ሰዎች ናቸው እላለሁ። ይሄን ስል አንዷ ማኅበርተኛ ሁልጊዜ መዳፏን ገልብጣ ጣቶቿን ታያለች።

ከሁሉም ግን የእኔ ደማሪስ ነበረች። የሐዋርያት ሥራ ላይ ናት። ጳውሎስ ብቻውን አቴና ይገባል፤ ከተማው በጣዖት ተሞልቶ ያገኘዋል፣ ለማይታወቅ አምላክ የቆመ መሠዊያ ሳይቀር። አርዮስፋጎስ ወደሚባለው ድንጋይ ይወስዱትና እስቲ ተናገር ይሉታል። ይናገራል። ገሚሱ ይስቅበታል፣ ገሚሱ ሌላ ጊዜ እንሰማሃለን ብሎ ይሄዳል። ጥቂቶች ያምናሉ፤ ከነሱም መሐል ደማሪስ የምትባል ሴት። አለቀ። ባል አላት ወይ፣ ልጅ አላት ወይ፣ ከዚያ ሁሉ ወንድ መሐል ምን ልትሠራ መጣች፣ አንድ ቃል የለም። ጸሐፊው ሉቃስ ሐኪም ነበር ይባላል፤ ሐኪም ነገር ያሳጥራል። እኔ ደግሞ ማሳጠር አልወድም። ስለዚህ ደማሪስን ፈታይ አደረግኋት። የፈተለችውን ድር ለሸማኔ ልታደርስ ስትሄድ የእንግዳ ሰው ድምፅ ትሰማለች፤ ከድንጋዩ ሥር፣ ከአንዲት ወይራ ጥላ ቆማ እንዝርቷን እንደያዘች ታዳምጣለች። ድንጋዩም በእኔ ቤት ከላፍቶ በላይ ያለው ድንጋይ ማውጫ ነው፤ ሌላ ድንጋይ ከየት አመጣለሁ? ሰዎቹ ስቀው ሲበተኑ እሷ አልሳቀችም። ጳውሎስ ላብ በላብ ሆኖ ሲወርድ ጠጋ ትልና «ውሃ ጠጥተሃል ወይ?» ትለዋለች። ያን ሁሉ የተማረ ሰው ሲከራከረው ዋለ፤ ውሃ ጠጥተሃል ያለው ግን የለም። እዚህ ላይ ስደርስ ሴቶቹ ነጠላቸውን ወደ ዓይናቸው ይወስዳሉ። እኔም የራሴ ወሬ ያስለቅሰኛል።

ባለቤቴ ግርማ የፋብሪካው መካኒክ ነበር። ወሬ አያበዛም። ማታ ልጆቹን ላስተኛ ጳውሎስን ስጀምርላቸው ጥግ ላይ ጋቢውን ተከናንቦ ይቀመጥና እኔ ገና ሰውየውን ከመርከብ ሳላወርደው ማንኮራፋት ይጀምራል። ቅዳሴም ላይ ቆሞ ይተኛል። ታዲያ ከዚያ ሁሉ ሰው አገር እንዲያይ የተመረጠው እሱ ሆነ። ኮከብ ሠራተኛ ተብሎ፣ አዳዲሶቹን ማሽኖች እንዲያጠና፣ ለአንድ ወር ቡልጋሪያ። ከአንድ መሪ ጋር ሦስት ሆነው ነው የሚሄዱት፤ ሦስተኛዋ ሮማን ናት፣ የፋብሪካው ጸሐፊ። ከእኔ ጥቂት ዓመት ታንሳለች፤ ጸጉሯን ትተኮሳለች፣ ሁላችንም በኮንጎ ጫማ ስንንሸራተት እሷ ባለ ተረከዝ አድርጋ ቀጥ ብላ ትሄዳለች። ይሄስ ይሁን። ግርማ አንድ ማታ እራቱን እየበላ «አውሮፕላን የምንቀይረው አቴና ነው አሉ» አለኝ፣ አቃቂ እንደሚለኝ ዓይነት። ጉርሻው እጄ ላይ ቀረ።

ሻንጣውን ሳዘጋጅለት የሸሚዙን ኮሌታ በእንባዬ ነው የተኮስኩት። እኔ በጣቴ የሄድኩትን እሱ በእግሩ ሊሄድበት ነው፤ ያውም ጳውሎስንና ጴጥሮስን የማይለይ ሰው። «ድንጋዩን ሳታይ እንዳትመጣ» አልኩት። «ከሥሩ ጥላ ይኑር አይኑር እይልኝ። አንድ ሴት ቆማ ከላይ የሚናገረውን ሰው መስማት ትችል እንደሆነ እይልኝ።» «እሺ» አለ። የእሱ እሺ አጭር ናት፤ ምን እንዳለባት አትታወቅም።

ሲመለስ ቴርሞስ አመጣልኝ፣ ለልጆቹ ሹራብ፣ ደግሞ በትንሽ የእንጨት ብልቃጥ የጽጌረዳ ሽቶ። ገና ካፖርቱን ሳያወልቅ «ድንጋዩስ?» አልኩት። ጫማውን ለመፍታት አጎነበሰና «አላየሁም፤ ከአየር ማረፊያው አልወጣንም» አለኝ። አዘንኩ። ግን እውነቱን ልናገር፣ ትንሽ ቀለል አለኝ። እሱም ካላየው እኩል ነን ብዬ ሽቶውን አንገቴ ላይ ነካ አደረግሁ።

ሰላሜ ብዙም አልቆየ። ያን ጊዜ ለቀበሌው ሱቅ ስኳር የምንሰለፈው ራሳችን ብቻ አልነበርንም፤ በሌሊት ድንጋይ አስቀምጠን ወደ ጉዳያችን እንሄዳለን፣ ድንጋያችን ተራ ይይዝልናል። እኔ የእኔን ለመለየት ከፋብሪካው በተረፈ ቀይ ክር አስሬባታለሁ። አንድ ጠዋት ተራዬን ላይ ብሄድ ሴቶቹ ሮማንን ከበዋታል። ጀርባዋን ሰጥታኛለች፤ አላየችኝም። «አቴናን እኮ አየሁት» ትላለች። «ያን ጳውሎስ የቆመበትን ድንጋይ። እንደኛ ላፍቶ ድንጋይ ማውጫ ያለ ነው፣ በጣም ትልቅ። ከሥሩ ወይራ አለ።» ከዚያ ጎንበስ ብላ ከሰልፉ አንዱን ትልቅ ድንጋይ አንስታ መሐል አደረገችው፤ ቀጥላ ባለ ቀይ ክሯን፣ የእኔን፣ አንስታ ከሥሩ አስቀመጠቻት። «ደማሪስ ደግሞ እዚህ ነበረች፣ እንዝርቷን ይዛ። ሁሉም ስቆበት ሲሄድ እሷ ጠጋ አለችና ውሃ ጠጥተሃል ወይ አለችው።»

እንዝርቱም ውሃውም መጽሐፍ ላይ የለም፤ የእኔ ነው። ከእኔ ቤት ሊወጣ የሚችለው በአንድ ሰው አፍ ብቻ ነው። ግርማ ነግሯታል። የትስ ነው የሚነግራት? እዚያው ድንጋዩ ላይ፣ እሷ ባለ ተረከዟን አድርጋ አጠገቡ ቆማ። ለእኔ ከአየር ማረፊያው አልወጣንም ብሎ። እኔ ላየው የምመኘውን አገር፣ እኔ በፈጠርኩት ወሬ እያስጎበኘ፣ ለሌላ ሴት። ድንጋዬ ከሰልፍ ስለወጣች ተራዬ አለፈ፣ ስኳሩም አለቀ። ግርማ እስከሚቀጥለው ራሽን ለምን እንደሆነ ሳያውቅ ሻዩን ያለ ስኳር ጠጣ።

ለምን አልጠየቅሽውም ትሉኝ ይሆናል። ብጠይቀው ይዋሸኛል፤ ካልዋሸኝ ደግሞ ይብሳል። ሽቶውን ለጎረቤት ልጅ ሰጠሁ፤ ሮማንም ላይ ያው ሽታ ነበራ። ደማሪስን ማውራትም ተውኩ። ማኅበርተኞቹ ሲለምኑኝ ጳውሎስን ከቤርያ አሳፍሬ በቀጥታ ቆሮንቶስ አስገባው ጀመር፤ አቴናን ከካርታው አወጣኋት። አንድ ማታ ልጆቹ ከተኙ በኋላ ግርማ ከጋቢው ውስጥ «ያቺን ሴትዮ ተውሻት እንዴ?» አለኝ። «የቷን?» «ባለ እንዝርቷን።» «አንተ ዘንድ አይደል ያለችው» አልኩት። ቀና ብሎ አየኝ፣ የሚናገር መሰለኝ፣ ከዚያ ጋቢውን መልሶ ተከናነበ። እኔ የጥፋተኛ ዝምታ ነው አልኩ።

ሮማን ከሁለት ዓመት በኋላ ሴት ልጅ ወለደችና ደማሪስ አለቻት። እኔ ወንድ በወንድ ነው የወለድኩት፤ ስሙን ለሴት ልጅ ብዬ ስጠብቅ ቆይቼ ተወሰደብኝ። አልዋሽም፣ ወራቱንም ቆጥሬያለሁ። አልገጠመልኝም። ክርስትናው ላይ ግርማ ሄደ፣ እኔ ራሴን አሞኛል ብዬ ቀረሁ። ከዚያ ፋብሪካው ተሸጠ፣ ሮማን ወደ ጎፋ ሄደች፣ እኛም ሰፈራችን ሲፈርስ ጀሞ ደረሰን። ግርማ ካረፈ ስምንት ዓመቱ ነው። አልጋው አጠገብ ተቀምጬ ብዙ ነገር አውርተናል፤ ያን ግን አላነሳሁም። እንዲህ እንዲያ ሲሉ ሰው ይሞታል።

እና ቅዳሜ ዕለት ዞር ስል ሮማን ናት። ጸጉሯ ሸብቷል፣ ሸራ ጫማ አድርጋለች። «እትዬ ወርቄ? አንቺ ነሽ?» ብላ አንገቴ ላይ ተጠመጠመች፤ የግርማን ሞት ዘግይታ መስማቷን እየነገረችኝ አለቀሰች። ለቅሶዋም አናደደኝ። ልጅቷ፣ ደማሪስ፣ የአርባ ዓመት ሴት ሆናለች፤ «እናንተ ተጫወቱ» ብላ ሰልፉ ፊት ያለው ኬክ ቤት አስገባችን፣ ሻይ አዘዘችልንና ጉዳይዋን ልትጨርስ ወጣች። እኔ ሻዩ እስኪመጣ እንኳ አልጠበቅኩም።

«ድንጋዩ ላይ ብዙ ቆያችሁ?» አልኳት።

«የቱ ድንጋይ?»

«አቴና። አንቺና ግርማ።»

ሮማን ትክ ብላ አየችኝ። ከዚያ ፊቷ ተለዋወጠ። «እትዬ ወርቄ፣ እኛ እኮ ከአየር ማረፊያው አልወጣንም» አለች።

እሱ ያለውን ነው ያለችው፣ ቃል በቃል። ነገሩን አስጨረስኳት። አውሮፕላኑ ተበላሽቶ እስከ ማታ ቆዩ ተብለዋል፤ የአየር መንገዱ ሰዎች ከተማውን እናሳያችሁ ብለው አውቶቡስ አቅርበዋል። መሪያቸው ሄደ። «የእኔ እግር በዚያ ጫማ አብጦ መቆምም አልቻልኩ» አለች ሮማን። «ግርማ ግን ደህና ነበር። አውቶቡሱ በር ድረስ ሄደ። አንድ እግሩን አሳርፎ ቆመ፣ ከዚያ ተመልሶ መጥቶ አጠገቤ ተቀመጠ። ምነው አልኩት።»

«ምን አለሽ?»

«ሚስቴን አታውቂያትም አለኝ። እሷ ቤት ቁጭ ብላ እኔ ይሄን ድንጋይ ባየው ዕድሜዋን ሙሉ ትቀናለች፤ ሁለታችንም ባናየው ይሻላል አለኝ። ማየት እችል ነበር ካልኳት ደግሞ ለምን አላየህልኝም ብላ ትጣላኛለች፣ ስለዚህ እንዳትነግሪያት አለኝ። አልነገርኩሽም።»

ሻዩ መጣ። ስኳር አደረግኩበት፣ ደግሜ አደረግኩበት፣ አማሰልኩት።

«ታዲያ የስኳሩ ሰልፍ ላይ ያወራሽው?»

ሳቀችና አፏን በነጠላዋ ሸፈነች። «ሰማሽኝ? ምን ላድርግ፣ ምን አየሽ ምን አየሽ ሲሉኝ እግሬ አብጦ ወንበር ላይ ዋልኩ ልበላቸው? ግርማ የነገረኝን እንዳየሁት አድርጌ አወራሁ። ከመስኮቱ ወዲያ አንድ ኮረብታ ይታይ ነበር፤ ያ ይሁን ሌላ ማን ያውቃል፣ ወደዚያ እየጠቆመ ከሰዓቱን ሙሉ አወራኝ።»

«ግርማ? ግርማ ወሬ አይችልም።»

«እሱ? እጁን እያወናጨፈ ነዋ። ያቺ ሴትዮ ውሃ ጠጥተሃል ወይ ስትለው ድምፁን ቀጭን ያደርጋል፤ የአንቺን ድምፅ ነው የሚያወጣው፣ እኔ ሳቄን መያዝ አቃተኝ። ይሄ ሁሉ መጽሐፍ ቅዱስ ላይ አለ ወይ አልኩት። መጽሐፉ ላይ ስሟ ብቻ ነው፣ ሌላውን የምታውቀው ወርቄ ናት አለኝ። እኔ ለልጄ ስሙን ያወጣሁት ለዚያ ነው። ክርስትናው ላይ የስሙን ነገር ልነግርሽ ፈልጌ አንቺ ቀረሽ።»

ጋቢው ትዝ አለኝ። ያ ሁሉ ማታ ከጋቢው ሥር እያንኮራፋ፣ እኔ ልጆቹ ብቻ የሚሰሙኝ መስሎኝ፣ እንዝርቷንም ወይራዋንም አንድ ሳያስቀር ሲይዝ ነበር። ተውሻት እንዴ ያለኝም ስለናፈቀችው ነው። እሱ እኔ እንዳልቀና ብሎ ከአውቶቡስ በር ተመለሰ፤ እኔ ግን ቀንቼ፣ የደማሪስን ወሬ እስኪሞት ከልክዬው ኖርኩ። ለቅሶው አልፎኛል፤ ከመስታወቱ ወዲያ የታክሲ ሰልፉ እየሄደ ነው። ሮማን ድምጿን ቀጭን አድርጋ፣ እሱ የእኔን እንዳስመሰለው እያስመሰለች፣ «ውሃ ጠጥተሃል ወይ?» አለች። አሥራ ምናምን ዓመት አይደለም፣ ዕድሜዬን ሙሉ አብሬው ኖሬ ይሄን አንድ ቀን ከአፉ ሰምቼው አላውቅም። እሷ ከሰዓቱን ሙሉ ሰምታዋለች። በማይረባ ነገር ስቀና አርጅቼ፣ የሚያስቀናውን ገና አሁን አገኘሁት።

«ከመጀመሪያው ጀምሪልኝ» አልኳት። «እሱ እንዳወራው አድርገሽ።»